የደብሊን ወርቃማ ዘመን በገንዘብ ተገዛ ወይ?

በኤፕሪል 2025 መጨረሻ ላይ የአየርላንዱ የሚዝ ካውንቲ የጌሊክ ፉትቦል ቡድን ፖርትሊሽ በምትባል ከተማ ደብሊንን 23 ለ 19 አሸነፈ። ለሌላው ዓለም ይህ ዜና አይደለም። ለአየርላንድ ግን ነበር። ደብሊን ከ2011 እስከ 2024 የሊንስተርን፣ ማለትም የምሥራቁን ክፍለ አገር፣ ዋንጫ በተከታታይ 14 ጊዜ ወስዷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው።) 15ኛው እዚያ ቀረ። በጁን መጨረሻ ደግሞ ታይሮን ደብሊንን ከመላ አየርላንድ ውድድር ሩብ ፍጻሜ ላይ 23 ለ 16 አሰናበተ። የደብሊኑ አሰልጣኝ ዴሲ ፋረልም ወዲያው ለቀቁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ የቆየ ክርክር እንደ አዲስ ሞቅ ብሏል። ደብሊን ከ2011 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ዘጠኝ ጊዜ የመላ አየርላንድ ሻምፒዮን ሆኗል። ከዘጠኙ ስድስቱ፣ ማለትም ከ2015 እስከ 2020 ያሉት፣ አንድም ዓመት ሳይቋረጥ የመጡ ናቸው። በወንዶቹ ውድድር ታሪክ ይህን ያደረገ ሌላ ካውንቲ የለም። የሌሎቹ ካውንቲ ሰዎች «ይሄ በገንዘብና በሕዝብ ብዛት የተገዛ ዋንጫ ነው» ሲሉ ነው የኖሩት። አሁን ቡድኑ ሲወድቅ የእኛ የደብሊን ሰዎች መልስ ያገኙ መሰላቸው። «ገንዘቡ አለ፣ ሕዝቡ አለ፣ ታዲያ ዋንጫው የታለ?» ይላሉ።

እኔ የደብሊን ደጋፊ ነኝ፤ ወገንተኛነቴን ከወዲሁ ልናገር። ቢሆንም ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ያቀለሉት ይመስለኛል። ገንዘቡ የገዛው ነገር አለ። ያልገዛውም አለ። ሁለቱን ካልለየን ያ ዘመን ለምን እንደመጣም ለምን እንደሄደም አይገባንም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ጌሊክ ፉትቦል በእጅም በእግርም የሚጫወቱት ኳስ ነው። በየወገኑ 15 ሰው ይሰለፋል። ግቡ እንደ ራግቢ ወደ ላይ የረዘሙ ቋሚዎች አሉት፤ ከአግዳሚው በታች ደግሞ መረብ አለው። ኳስ ከአግዳሚው በላይ ካለፈች ብዙ ጊዜ አንድ ነጥብ ነው። መረብ ውስጥ ከገባች ጎል ይባላል፤ ሦስት ነጥብ ያስገኛል። ኳስ የያዘ ሰው ዝም ብሎ መሮጥ አይፈቀድለትም። በየአራት እርምጃው ወይ ያነጥራታል፣ ወይ በእግሩ ጫፍ መትቶ ወደ እጁ ይመልሳታል። ውጤት ሲነገር ጎልና ነጥብ ለየብቻ ነው የሚጠራው። እኔ ግን እንዳላደናግር ሁሉንም ወደ ነጥብ ቀይሬዋለሁ። ጨዋታውን የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር፣ በአጭሩ ጂኤኤ፣ ኸርሊንግ የሚባል በዱላ የሚጫወቱት ስፖርትም አለው። የገና ጨዋታን ያየ ሐበሻ እሱን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ከሕጉ በላይ ማወቅ ያለባችሁ ግን ሌላ ነው። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም። ኮከብ ገዝቶ ማምጣት የሚባል ነገርም የለም፤ ሰው የሚጫወተው ላደገበት ካውንቲ ነው። እሑድ ዕለት ክሮክ ፓርክ ውስጥ 82,300 ሰው ፊት ዋንጫ ያነሳ ልጅ በዚያው ሳምንት ሥራ ይገባል። የደብሊኑ በረኛ ስቲቨን ክለክስተን መምህር ነው። በክንፍ በኩል እንደ ንፋስ የሚበረው ጃክ ማካፍሪ ሐኪም ነው። ስለዚህ «ተገዛ» የሚለው ስድብ እዚህ አገር ከሌላ ቦታ ይልቅ ያማል። ክሮክ ፓርክ ራሱ ተራ ስታዲየም አይደለም። በ1920 ደብሊንና ቲፐራሪ ሲጫወቱ የእንግሊዝ ኃይሎች ገብተው ተኩሰው 14 ሰው ገድለውበታል። ከሟቾቹ አንዱ የቲፐራሪው ተጫዋች ማይክል ሆገን ነበር፤ አንደኛው ትሪቡን ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ደብሊንን መደገፍ የጀመርኩት ቡድኑ መሳቂያ በነበረበት ጊዜ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ከ2015 በኋላ የመጣ ደጋፊ ያን ጊዜ ካላወቀ የኋለኛው አይገባውም ብዬ ነው። ደብሊን ከ1995 በኋላ የመላ አየርላንድ ዋንጫ አልነበረውም። ከ2005 እስከ 2009 በየክረምቱ ሊንስተርን ይወስዳል፣ ከተማው በሰማያዊ ማሊያ ይጥለቀለቃል፣ ከዚያ ኦገስት ላይ አንድ ጠንካራ ቡድን ሲመጣ ኩም ይላል። በ2009 ኬሪ በሩብ ፍጻሜ 27 ለ 10 ቀጣን። አሰልጣኙ ፓት ጊልሮይ ልጆቻቸውን በድንጋጤ ከሚራወጡ ጥቃቅን ነፍሳት ጋር አመሳሰሏቸው። አባባሉ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በቀጣዩ ዓመት ሚዝ አምስት ጎል አስቆጥሮ 24 ለ 13 ረታን። ሚዝ ከዚያ በኋላ በሻምፒዮና ደብሊንን ለማሸነፍ እስከ 2025 መጠበቅ ነበረበት።

ጊልሮይ ያደረጉት ነገር ለዓይን የሚያምር አልነበረም። ጎህ ሳይቀድ ልምምድ አስጀመሩ። አጥቂዎቹን ወደ ኋላ ተመልሰው እንዲከላከሉ አስገደዷቸው። የደብሊን ተጫዋች እስከዚያ ድረስ ታዋቂ ነበር፤ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ሰው ያቅፈዋል፣ ጨዋታው ሲከብድ ግን ይጠፋል። አዲሱ ተጫዋች አሰልቺ ሊሆን ይችላል እንጂ አይጠፋም። በ2011 ከዶነጎል ጋር የተደረገው ግማሽ ፍጻሜ እስካሁን ካየሁት ሁሉ አስቀያሚው ነው። 8 ለ 6 አሸነፍን። ደስ ብሎኝ ነበር እንኳ ማለት ይከብደኛል።

ከዚያ ፍጻሜው መጣ። ተጋጣሚው ኬሪ ነበር። ኬሪ በዚህ ጨዋታ ብዙ ዋንጫ ያለው ካውንቲ ነው። ሰባት ደቂቃ ያህል ሲቀረው በአራት ነጥብ ይመራን ነበር። ተቀይሮ የገባው ኬቨን ማክማነመን ጎል አገባ። ከዚያ አቻ ሆንን፣ መራን፣ ኪየረን ዶናሂ እንደገና አቻ አደረገ። በባከነ ሰዓት ቅጣት ምት አገኘን። ሊመታ የመጣው በረኛው ነው። ክለክስተን የሜዳውን ግማሽ በላይ አቋርጦ መጣ፣ ኳሷን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ መታት፣ አስገባት። ከዚያ ጮቤ አልረገጠም። ዞሮ ወደ ግቡ ሮጠ። 15 ለ 14። ከ16 ዓመት በኋላ ሳም ማጓየር፣ ማለት ዋንጫው፣ ወደ ዋና ከተማው ተመለሰ።

ይህ ዋንጫ በገንዘብ አልተገዛም። ምክንያቱን ኋላ እመለስበታለሁ።

ጂም ጋቪን ቡድኑን የተረከቡት ከ2012 ውድድር በኋላ ነው። የአየር ኃይል አብራሪ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩም እንደዚያው ናቸው፤ ቃለ ምልልሳቸው እንቅልፍ ያመጣል። ኳሱ ግን ተቃራኒው ነበር። በ2013 ሁሉም ወደ ፊት ይሮጣል። በፍጻሜው በርናርድ ብሮጋን ሁለት ጎል አግብቶ ሜዮን 18 ለ 17 አሸነፍን። በ2014 ደግሞ ማንም የሚያቆመን አይመስልም ነበር።

ዶነጎል አቆመን። በእኔ እምነት የወርቃማው ዘመን ዋና ጨዋታ ይህ የተሸነፍነው ግማሽ ፍጻሜ ነው። በመጀመሪያው ሃያ ምናምን ደቂቃ አምስት ነጥብ መርተን ነበር። የዶነጎሉ አሰልጣኝ ጂም መጊነስ ግን የእኛን ደመ ሞቃትነት አጥንተውት ነበር። ሁላችንም ወደ ፊት ስንጎርፍ ከኋላችን የተተወውን ባዶ ሜዳ ተጠቀሙበት። ሦስት ጎል ገባብን፤ 23 ለ 17። የዚያን ቀን ብዙ ደጋፊ «ዕድል ነው» ብሎ ነበር። ጋቪን ግን ዕድል አላሉትም። በቀጣዩ ዓመት ኪየን ኦሱሊቫን ከተከላካዮቹ ፊት ለብቻው እየቆመ ቀዳዳውን እንዲዘጋ ተደረገ። ሌሎቹ ደግሞ ትዕግሥት ተማሩ። ተጋጣሚው 13 ሰው ከኋላ ቢደረድርም ኳሷን እየተቀባበሉ ደቂቃዎች ይጠብቃሉ፤ ሰው ከቦታው እስኪወጣ። ከዚያ ይገባሉ። ቡድኑ ከዚህ ሽንፈት በኋላ በሻምፒዮና 45 ጨዋታ ሳይሸነፍ ቆየ።

ስለ ክለክስተን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ጨዋታውን የቀየረው ሰው እሱ ነው ብል የኬሪ ሰዎችም ብዙ አይከራከሩኝም። ከእሱ በፊት በረኛ ኳስን ከግቡ ሲያስጀምር በረጅሙ ወደ መሃል ሜዳ ይጠልዛታል። ረጃጅሞቹ አማካዮች ዘለው ይሻሙባታል። ግማሹን ታገኛለህ፣ ግማሹን ታጣለህ። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ይህ ደጋግሞ ይሆናል። ክለክስተን ነገሩን እንደ ዕጣ መቁጠር ተወ። ኳሷ ወጥታ ገና ሰው ወደ ቦታው ሳይመለስ እሱ መትቷታል። ሰላሳ ሜትር ርቀት ላይ ወደ መስመሩ የሮጠ ጓደኛው ደረት ላይ ታርፋለች። ተጋጣሚው ይህን ለመከላከል ወደ ፊት ገፍቶ ሲመጣ ደግሞ በጭንቅላቱ ላይ ያሳልፋታል። የኳስ ቁጥጥር በእጅህ ከሆነ የቀረው ቀላል ነው። ዛሬ በየሰፈሩ ያለ የልጆች ቡድን በረኛ ይህንኑ ይለማመዳል። ክለክስተን በ2001 ጀምሮ በ2023 ዘጠነኛ ሜዳሊያውን ሲወስድ ዕድሜው ከ40 አልፎ ነበር። በ2019 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፤ በረኛ ሆኖ።

ለዚህ ችሎታ ዋጋ ያወጣለት የለም። ገንዘቡ ገና ሳይመጣ ነው የጀመረው።

አሁን ወደ ሜዮ ልምጣ። ስለዚያ ዘመን ሳስብ ከደብሊን ተጫዋቾች እኩል የሜዮዎቹ ናቸው የሚታወሱኝ። ሜዮ በምዕራብ ያለ ሰፊና ሕዝቡ የሳሳ ካውንቲ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ የወሰደው በ1951 ነው። የ1951 ጀግኖች ከዋንጫው ሲመለሱ ለቀብር ክብር ሳይሰጡ በማለፋቸው ቄስ ረግሟቸዋል የሚል ወሬ አለ። ማስረጃ የለውም፤ ግን ውጤቱን የሚያይ ሰው ባያምንም ዝም ይላል። በ2013 በአንድ ነጥብ አሸነፍናቸው። በ2016 ፍጻሜ ሁለት ጎል በራሳቸው ላይ አስቆጥረው እንኳ 15 ለ 15 ወጡ። በድጋሚው ጨዋታ በረኛቸውን ቀየሩ። አዲሱ በረኛ ኳስ ከእጁ አመለጠችው፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሆነ፣ ጎል ገባ። 18 ለ 17 ተሸነፉ። በባከነ ሰዓት አቻ የሚያደርግ ቅጣት ምት አግኝተው ሳቱ።

2017 ከሁሉም የከፋው ነው፤ ወይም ከሁሉም የበለጠው። ሁለቱም ወገን በቀይ ካርድ አንድ አንድ ሰው አጣ። መጨረሻ ላይ የሜዮው ኪሊያን ኦኮነር የመታት ቅጣት ምት ቋሚ ገጭታ ተመለሰች። ከዚያ የእኛ ዲን ሮክ በባከነ ሰዓት ቅጣት ምት ሊመታ ቆመ። እየተንደረደረ ሳለ ሊ ኪገን ጀርባው ላይ የነበረውን የርቀት መለኪያ መሣሪያ አውልቆ ወረወረበት። አዎ፣ ወረወረበት። ሮክ ግን አስገባት። 20 ለ 19። በዚያ ቅጽበት ከጎኔ የነበሩት ሁሉ ሲዘሉ ዓይኔ ኪገን ላይ ነበር። ያን ያህል ማሸነፍ የፈለገ ሰው አይቼ አላውቅም። ልጠላው ሞክሬ አልቻልኩም።

ሦስት ፍጻሜ፣ እያንዳንዱ በአንድ ነጥብ። ሦስቱም ወደ ሌላ ወገን ቢያዘነብሉ ስለ «ስድስት በተከታታይ» የሚያወራ አይኖርም ነበር። «ደብሊን በገንዘቡ ማሸነፉ የማይቀር ነበር» ለሚል ሰው የመጀመሪያ መልሴ ይህ ነው። የማይቀር ነገር በአንድ ነጥብ አይመጣም።

ግን መልሴ እዚህ ላይ ቢያልቅ ታማኝ አይደለሁም። አንድ ነጥቡ ከየት መጣ የሚል ጥያቄ አለና። በ2016 ድጋሚ ጨዋታ ላይ ኮርማክ ኮስቴሎ ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ ሦስት ነጥብ አስቆጠረ። በ2017 ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ተመልከቱ፦ ዲያርሙድ ኮኖሊ፣ ኬቨን ማክማነመን፣ በርናርድ ብሮጋን። ብሮጋን የ2010 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ነው። የሜዮ ልጆች 60 ደቂቃ ሮጠው ሲዝሉ እነዚህ ትኩስ እግር ይዘው ይገባሉ። ሌላ ካውንቲ ይህን አይችልም። ገንዘቡም የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ2002 አንድ የጂኤኤ ኮሚቴ ደብሊን ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ። ካውንቲው በጣም ገዝፏል የሚል ነው። ሐሳቡ ውድቅ ሆነ። በዚያን ጊዜ ግን ደብሊን አስፈሪ አልነበረም። እንዲያውም ማኅበሩ የፈራው ሌላ ነው፤ የከተማው ልጆች ሁሉ ወደ እግር ኳስና ወደ ራግቢ ሄደው እንዳያልቁ። ስለዚህ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለደብሊን የወጣቶች ልማት የተለየ ገንዘብ መፍሰስ ጀመረ። በአሥር ምናምን ዓመት ውስጥ ከ15 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ገብቷል። በክለቦቹ ውስጥ የሙሉ ጊዜ አሰልጣኞች ተቀጠሩ። ወጪውን ክለቡና ማኅበሩ ይጋሩታል። አሰልጣኞቹ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ሕፃናትን ኳስ ያስይዛሉ። ሌሎቹ ካውንቲዎች በዚያው ጊዜ ያገኙት ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ዘግይቶም ቢሆን ክፍፍሉ እንዲስተካከል ተደርጓል።

እንግዲህ ዕድሜ እንቁጠር። ክለክስተን በ1981 ነው የተወለደው። ብሮጋን በ1984። የ2011 ዋንጫ የእነሱ ትውልድ ነው። ገንዘቡ ሲመጣ እነሱ አድገው ጨርሰዋል። ኪያረን ኪልኬኒና ብራያን ፌንተን በ1993፣ ኮን ኦካላሃን በ1996 ተወለዱ። እነሱ የአዲሱ ሥርዓት ልጆች ናቸው። ፌንተን በ2015 ከገባ በኋላ እስከ 2021 ድረስ በሻምፒዮና አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። በሌላ አነጋገር፣ ገንዘቡ የመጀመሪያዎቹን ጀግኖች አልፈጠረም። ጀግኖቹ ሲደክሙ ተተኪ እንዳይጠፋ ግን አድርጓል። ሌሎች ታላላቅ ቡድኖች የሚሞቱት እዚህ ላይ ነው። የኬሪው የሚክ ኦዱየር ቡድን ከ1975 እስከ 1986 ስምንት ዋንጫ ወሰደ። አምስተኛውን ተከታታይ ለማግኘት በ1982 ሲጫወት የኦፋሊው ሼመስ ዳርቢ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ባገባት ጎል ሕልሙ ቀረ። ያ ቡድን ሲያረጅ ኬሪ እስከ 1997 ዋንጫ አላየም። ደብሊን ግን በ2019 ኬሪን በድጋሚ ጨዋታ 21 ለ 15 አሸንፎ አምስተኛውን ተከታታይ ሲወስድ በሜዳው ላይ ሁለት ትውልድ ነበረ።

የሕዝብ ብዛት ክርክርም በቁጥር ከባድ ነው። በ2022 ቆጠራ የደብሊን ካውንቲ ሕዝብ 1.45 ሚሊዮን ገደማ ነው። ኬሪ 156,000፣ ሜዮ 138,000፣ ሊትሪም 35,000 ያህል። ግን ሕዝቡ በ1995 እና በ2011 መካከልም ነበረ። ብዛት ብቻውን ምንም አላደረገም። ገንዘቡ ያደረገው ነገር ብዛቱን ወደ ተጫዋች መቀየር ነው።

ይልቅ ብዙ የማይነገርለት ጥቅም ሌላ ነው። የደብሊን ልጅ ከቤቱ አይርቅም። ዩኒቨርሲቲው እዚያው ነው። ሥራው እዚያው ነው። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ወጥቶ ወደ ልምምድ ሲሄድ እናቱ ቤት ራት በልቶ ነው። የሜዮ ልጅስ? እሱም የተማረውና ሥራ ያገኘው ብዙ ጊዜ ደብሊን ነው። ለልምምድ ሦስት ሰዓት ያህል ወደ ምዕራብ ነድቶ፣ በሌሊት ነድቶ ይመለሳል፤ ጠዋት ቢሮ ይገባል። ደመወዝ በሌለበት ጨዋታ ውስጥ ዋናው ሀብት ጊዜና እንቅልፍ ነው። ይህን ያከፋፈለው የማኅበሩ ቢሮ አይደለም። አገሪቱ ራሷ ሥራውን ሁሉ አንድ ከተማ ውስጥ ከምራ ያመጣችው ነው። የጂኤኤ በጀት ነገ እኩል ቢካፈል ይሄ አይስተካከልም። ክሮክ ፓርክም ደብሊን ውስጥ መሆኑን ጨምሩበት። ገለልተኛ ሜዳ ይባላል፤ እኛ ግን ሂል 16 በሚባለው የመቆሚያ ስፍራ ላይ እንደ ቤታችን ነው የምንቆመው።

የጉዳቱ ነገር ላይ ተቃዋሚዎቻችን ልክ ናቸው። ሊንስተርን አጥፍተነዋል። በ2019 የሊንስተር ፍጻሜ ሚዝን 20 ለ 4 አሸነፍን። ሚዝ በሰባ ደቂቃ አራት ነጥብ! ያ ካውንቲ እኮ በአንድ ወቅት የደብሊን ዋና ባላንጣ ነበር። በ2020 ደግሞ 30 ለ 9 ሆነ። የሊንስተር ጨዋታዎችን ስታዲየም ገብቼ አይቻለሁ የሚል ደጋፊ እየሳሳ ሄደ። እኔም አንዳንዱን ትቼ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ውጤቱ የታወቀ ነገር ለማየት ማን ዝናብ ይመታዋል? በ2015 ማሸነፍ ያስለቅሰን ነበር። በ2019 መሸነፍ ብቻ ነበር የሚያስፈራን፤ ማሸነፉ እፎይታ እንጂ ደስታ አልነበረም። ስድስተኛው ዋንጫ በዲሴምበር 2020 ሲመጣ በኮቪድ ምክንያት ክሮክ ፓርክ ባዶ ነበር። ዲን ሮክ በ13ኛው ሰከንድ ጎል አገባ፤ በፍጻሜ ታሪክ ፈጣኑ ነው። ተጋጣሚው እንደገና ሜዮ። 20 ለ 15። ከሶፋ ላይ ተነሥቼ አጨበጨብኩና ተቀመጥኩ።

በኦገስት 2021 ሜዮ በግማሽ ፍጻሜ፣ በጭማሪ ሰዓት፣ 17 ለ 14 አሸነፈን። ያ ያለሽንፈት የቆየው የ45 ጨዋታ ጉዞ አበቃ። ምናልባት ከሌላ ቡድን ቢሆን ይመረኝ ነበር። ሜዮዎች ግን ፍጻሜውን ለታይሮን ሰጡ። ምስኪኖች። በ2023 አንድ የመጨረሻ ዋንጫ አገኘን፤ ኬሪን 18 ለ 16። ክለክስተን፣ ጄምስ ማካርቲና ማይክል ፊትዝሲመንስ ዘጠነኛ ሜዳሊያ ይዘው ወጡ፤ ከእነሱ በፊት ዘጠኝ ያለው ተጫዋች አልነበረም። በ2024 ጎልዌይ በአንድ ነጥብ አሰናበተን። ከዚያ ፌንተን ተወ፣ ማካርቲ ተወ። ወንበሩ ሳሳ።

ስለዚህ «ገንዘቡ አለ፣ ዋንጫው የታለ?» የሚለው የእኛ ሰዎች መልስ ግማሽ እውነት ነው። ሥርዓቱ ጥሩ ተጫዋች ያወጣል። ፌንተንን የመሰለ ግን በየዓመቱ አይወጣም። የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ሁለት ጊዜ የተሸለመ፣ ከአንዱ ግብ እስከሌላው ሲሮጥ የማይደክም አማካይ ዕድልም ይፈልጋል። የክለክስተን፣ የጋቪንና የፌንተን ዘመን መገጣጠሙ ዕድል ነው። ከሥራቸው እንደዚያ የጠለቀ ወንበር መኖሩ ግን ገንዘብና ከተማ ነው። አንዱ ብቻውን ምናልባት ሦስት ዋንጫ ያመጣ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ስድስት ሆነ።

በመሃሉ ጨዋታው ራሱ ተቀይሯል። የቀየሩት ደግሞ ሌላ ሰው አይደሉም፤ ጂም ጋቪን ናቸው። (በ2025 ለአየርላንድ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው በመሃል ራሳቸውን ያገለሉትም እሳቸው ናቸው፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።) ጌሊክ ፉትቦል አሰልቺ ሆኗል ተብሎ የተቋቋመውን ኮሚቴ የመሩት እሳቸው ነበሩ። ከ2025 ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ሦስት ሰው በተጋጣሚው ግማሽ ሜዳ መተው አለበት፤ ሁሉም ወደ ኋላ መከመር ቀረ። ከ40 ሜትሩ ቅስት ውጪ ተመትታ በአግዳሚው ላይ ያለፈች ኳስ ሁለት ነጥብ ሆነች። በረኛ የሚያስጀምራት ኳስም ከቅስቱ ማለፍ አለባት። የመጨረሻውን ልብ በሉት። የክለክስተን አጭር ቅብብል በሕግ ተከለከለ ማለት እኮ ነው። በዚያች ቅብብል ስድስት ዋንጫ የገነቡት ሰው ናቸው የዘጉት። ለእኔ ይህ የሚያስከብራቸው ነገር ነው። ጨዋታውም ተነቃቅቷል። በጁላይ 2025 ፍጻሜ ኬሪ ዶነጎልን 29 ለ 19 ሲያሸንፍ ዴቪድ ክሊፎርድ ከሩቅ የሚልካቸውን ኳሶች ማየት ደስ ይል ነበር፤ የኬሪ ሰው ሆኖ ሳለ እንኳ።

አሁን ቡድኑን የያዙት በ2011 እና በ2013 በተከላካይነት ዋንጫ የወሰዱት ገር ብረነን ናቸው። ከእሳቸው ስድስት ዋንጫ የሚጠብቅ ጓደኛ አለኝ። እኔ አልጠብቅም፤ ሊንስተር እንዲከብደን ነው የምፈልገው። በ2025 ላውዝ የምትባለው ትንሽ ካውንቲ ሚዝን አሸንፋ ከ1957 ወዲህ የመጀመሪያውን የሊንስተር ዋንጫ ወሰደች። ደብሊን የሌለበት ፍጻሜ ነው። ክሮክ ፓርክ የገባው ሰው ከ65,000 በላይ ነበር። ከዓመት በፊት በዚያው ፍጻሜ እኛ ከዚያችው ላውዝ ጋር ስንጫወት የመጣው የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም።